ቆዳ ላላመጣ ካሣ የለም

«ለአንድ በሬ ብላ ራሷን ያጠፋች ሴት» ይሏታል ብቸና ገበያ። አፋቸውን ይያዘውና! ወለተ ገብርኤል ለበሬ የምትሞት ሴት አልነበረችም። እኔ ጥሩአየሁ ነኝ፤ ከብቸና ወደ የጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠላ እየሸጥኩ ልጆች ያሳደግኩ፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት። ከወለተ ገብርኤል ጋር የለየን አንድ የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። እሳት ስንጫጫር፣ ጨው ስንበዳደር ኖረናል። ስለዚህ ስለ እሷ የሚወራ ነገር ካለ እኔ ላውራው፤ የገበያ ወሬኛ ሁሉ አርፎ ይቀመጥ።

የመርጡለ ማርያም ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ነበሩ። አገራችን መሪጌታ አያጥረውም፤ እሷ ግን ከእሳቸው የወረሰችው ድጓውን ሳይሆን ምላሱን ነው። ገና በልጅነቷ ለደምለው ዳሯት። ደምለው ምን ያለ ሰው መሰላችሁ? አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል ያልተፈጠረለት ሰው። «እግዜር አንዳችሁን ምላስ ብቻ፣ አንዳችሁን ጆሮ ብቻ አድርጎ ነው ያጋባችሁ» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። እሷም «ሁለታችንም ምላስ ብንሆን ቤቱ ይቃጠል ነበር» ትለኛለች። ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ኩፍኝ ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲያ ልጅ አልመጣም። ዘመድ አዝማዱ «ፍታትና ሌላ አግባ» ብሎ ቢወተውተው ደምለው በዕድሜው አንድ ጊዜ «እምቢ» አለ። እኔም ሰውየውን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ደርግ መጣና መሬት ተሸነሸነ። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ ተባለ፤ ሊቀ መንበሩም ውበቴ ሆነ። ውበቴ ማለት ከዚያ በፊት የሰው ሞፈር ተውሶ ክረምቱን ሙሉ የማይመልስ፣ ጠላዬን ጠጥቶ «ለነገ ያዢልኝ» የሚል ሰው ነበር። ድንቄም ሊቀ መንበር! ብቻ ተሾመ። ለእነ ደምለው ከወንዙ በላይ ያለች አንዲት ጥቁር መሬት ደረሰቻቸው፤ ጤፍ የምታበቅል፣ ደህና መሬት። ወለተ ገብርኤል ድንጋይዋን ስትለቅም፣ ጎርፍ እንዳይበላት ዳር ዳሯን ስትክብ ነው የከረመችው። አንድ ቀን ዳሯ ላይ ቁጭ ብለን «ጥሩዬ፣ ይቺ እንኳ አትሞትብኝም» አለችኝ። እኔ እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን እያወራች አረም ትነቅል ነበር።

ከውበቴ ጋር የተጣላችው በመፈክር ነው። በአጨዳ ቀን ሴት የተባለ ሁሉ ብቸና ድረስ ወጥቶ መፈክር ያሰማ አለ። ወጣች፤ ግን ማጭዷን ይዛ ነው የወጣችው። ግራ እጅ ወደ ላይ ሲባል እሷ ማጭዷን ከፍ አደረገች። ከዚያ ባደባባይ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጤፉ እየረገፈ ነው፤ መፈክሩ ያጭድልናል?» አለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ውበቴ ቀጣት። ቅጣቷን ከፍላ መጥታ «ለሳቁ ነው የከፈልኩት፣ አይቆጨኝም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ፈራሁላት። የባለጌ ሹም ቂም እንደ ቅንጭብ ነው፤ ቆርጠህ ብትጥለውም ይበቅላል።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አባ ሰንጋ ገባ። ጠዋት ሣር ሲግጥ የዋለ በሬ ማታ ተነፍቶ ይወድቃል፤ ባፍንጫው ጥቁር ደም ይወጣዋል። የዚያን ሰሞን የሰው ለቅሶ ይሁን የከብት ለቅሶ መለየት አቅቶን ነበር። የእነ ደምለው አንድ ለእናቱ በሬ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው። ከጎረቤታቸው ከፋንታ በሬ ጋር አቀናጅተው ነበር የሚያርሱት። ቦራ አንድ ማለዳ እበረቱ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ወለተ ገብርኤል ደረቷን አልመታችም። አንገቱ ሥር ቁጭ ብላ ዝንቡን ስታባርርለት አየኋት።

ከሞጣ አንድ የከብት ሐኪም ተልኮ መጣ። «የሞተውን አትግፈፉ፣ ሥጋውን አትብሉ። በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት፣ ከላዩ እሾህና ድንጋይ ጫኑበት። ደሙም ቆዳውም ሰው ይገድላል» ብሎ ተናገረ። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። አትግፈፉ ማለቱ ለእኛ አዲስ አልነበረም። ሳይባረክ የሞተ ከብት በክት ነው፤ እንኳን ሊገፈፍ፣ በእጅም አይነካም። በገመድ ጎትቶ ከመንደር ማራቅ፣ ቀሪውን ለጅብ መተው ነው ልማዱ። መቅበሩ ግን ለመንደሩ ቀልድ ሆነ። ለበሬ ማን ጉድጓድ ይቆፍራል?

ደምለው ነዋ! «ቅበሩ» ሲባል «እሺ» አለ። ቁመቱን የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ቦራን አስገባ፤ የግራር እሾህ ቆርጦ ከመረበት፤ ድንጋይ ጫነበት። መንደሩ ዳር ቆሞ ይስቃል። «ፍትሐቱን ማን ይፍታ? ተዝካሩስ መቼ ነው?» ይላሉ። ወለተ ገብርኤል ወጥታ «ሳቁ! የናንተን ጅብ ጎትቶ ደጃችሁ ሲያመጣላችሁ ትስቃላችሁ!» ብላ በተነቻቸው። መንግሥት ያዘዘውን በትክክል የፈጸመ ከመንደራችን ያ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህን ያዙልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት ከብት ላለቀበት ገበሬ የበሬ መግዣ ይሰጣል ተባለ። እልል አልን። እኔም እልል ብያለሁ፣ ሞኟ! ከብቸና ጓድ ሣህሉ የሚባል የኮሚቴ ሰው በመኪና መጣ። የዚህ ሰው ሙሉ ስሙ ሣህለ ማርያም ነው፤ ጓድ ከሆነ ወዲህ ማርያምን ጥሏታል። የደብረ ወርቅ ቄስ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዳዊት ሲደግም ያደገ። ከእኔ ቤት በተወሰደ በርጩማ ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዶች! ካሣ የሚከፈለው በማስረጃ ነው። ማስረጃው የሞተው ከብት ቆዳ ነው፤ ከነጆሮው። ሊቀ መንበራችሁ ቆዳው የማን ከብት እንደሆነ አይቶ ይመሰክራል። ቆዳ ላላመጣ ካሣ የለም።»

 እርስ በርሳችን ተያየን። ወለተ ገብርኤል ተነሣች።

«ጓድ፣ የከብት ሐኪሙ ቅበሩት ብሎን ቀብረነዋል።»

«እሱ የራሱ ሥራ አለው። እኔ የራሴ መመሪያ አለኝ።»

«ሁለታችሁም ያንድ መንግሥት ሰዎች አይደላችሁም እንዴ?»

«መመሪያው የመጣው ከላይ ነው።»

«ከላይ ያሉት በክት እንደማይገፈፍ አያውቁ ይሆናል። አንቱ ግን የቄስ ልጅ ነዎት። አባትዎ በክት ሲገፍፉ አይተው ያውቃሉ?»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው! ሌላ ጥያቄ!» አለ። ሌላ ጥያቄ ማን ይጠይቃል? እኔ እሱን ነው የማልምረው። አስፋልት ላይ ያደገ ሰው ቢሆን «አላወቀም» ብዬ እተወው ነበር። እሱ ግን ያውቃል! የሞተ ከብት ባለበት መንገድ አፍንጫውን ይዞ ዞሮ ሲሄድ ነው ያደገው። «እነዚህ ሰዎች ቆዳ የላቸውም» ብሎ ወደ ላይ አንዲት ቃል መናገር አቃተው። እንጀራው እንዳይቋረጥ የኛን አስቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! ለሞተው ካሣ ለመቀበል ያልሞተው ይታረድ ጀመር። ውበቴ አንድ ጥጃ እንኳ አልሞተበትም፤ ደህና ወይፈኖቹን አረደና ቆዳቸውን ተሸክሞ ሄደ። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። ሥጋውን ቋንጣ አደረጉትና በየጣራው ሰቀሉት፤ ቋንጣው ጾሙ እስኪፈታ ከነሱ ጋር ይጾማል። ቢላዋ የገባበት አንገት ከቆዳው ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ «በአባ ሰንጋ የሞተ» ተብሎ ተመሰከረለት። ወግ ነው እቴ! አባ ሰንጋ ቢላዋ ይዞ ይዞር ጀመር።

ያለው አንድ በሬ የሞተበት ሁሉ ግን ባዶ እጁን ቀረ። ፋንታ በሬውን ይዞ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጀ፤ ክረምት አይጠብቅም፣ አልፈርድበትም። ይሄኔ ውበቴ ከእነ ደምለው ደጅ መጣ። «እስከ ሐምሌ አቦ ድረስ ያቺ መሬት ጦሟን ካደረች ማኅበሩ ለሚያርስ ይሰጣታል» አለ። ጓድ ሆኖም ቀን የሚቆርጠው በታቦት ነው። ለማን ሊሰጣት እንዳሰበ መንደሩ ያውቃል፤ የእህቱ ልጅ ካገባ ሰንብቷል፣ መሬት ይጠብቃል።

ደምለው ብቸና ሄዶ ከጓድ ሣህሉ ቢሮ ደጅ ሲጠና ሰነበተ። «ጉድጓዱን መጥታችሁ እዩ» ቢል ማን ይሰማዋል? በመጨረሻ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ ወደ ሞጣ ተነሣ፤ ቅበሩ ያለው የከብት ሐኪም የምስክርነት ቃሉን ይስጠኝ ብሎ።

በዚያው ሰሞን የሞጣው እንድሪስ መጡ። ቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ ብቸና ገበያ በመጡ ቁጥር ከእኔ ደጅ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር በቅሎዎቻቸውን ያሳርፋሉ። ጠላ አይቀምሱም፤ ውኃ አቀርብላቸዋለሁ። «ጥሩአየሁ፣ ዘንድሮስ ጉድ ነው» አሉኝ እየሳቁ። «ትናንት ለገበሬ የሸጥኩትን ቆዳ ዛሬ ከካሣው ቢሮ ጓሮ መልሼ ገዛሁት። አንዱ ቆዳ ስንት ጊዜ እንደሞተ አላህ ይወቀው።» ወለተ ገብርኤል ድምፃቸውን ሰምታ ባጥሩ ብቅ አለች።

«አያ እንድሪስ፣ ነጭ ግንባር ያለው ቆዳ አለዎት?»

«የፈለግሽውን ውሰጂ፤ በነጻ ልስጥሽ። ነጭ ግንባር ግን የለኝም። ምን ያደርግልሻል?»

«ውበቴ ለሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ይመሰክራል። ለእኔ ግን ‹የናንተ በሬ ቦራ ነው፤ ነጭ ግንባር ካላየሁ አልመሰክርም› ብሎኛል።»

እንድሪስ ሳቃቸው ጠፋ። ትክ ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ የተቀበረውን እንዳትነኪ። እኔ ዕድሜዬን በቆዳ ነው የኖርኩት። ሞጣ አንድ ቆዳ የሚያጥብ ሰው ነበረን፤ ክንዱ ላይ ቁንጫ የበላው የምትመስል እባጭ ወጣች። መሐሏ ጠቆረ። ሳምንት አልቆየም።» እሷም «እሰይ፣ ነገሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ገባች። ሰማች፤ ሰምታለች። አላወቀችም የሚለኝን ሰው በጥፊ ነው የምለው።

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ ዶማ ይዛ ስትወጣ አየኋት። እጇን በጨርቅ ጠቅልላ፣ አፍንጫዋን በነጠላ አስራ። ሮጬ ደረስኩባት።

«ወለቴ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ማስረጃ ላወጣ።»

«አንቺ ሰው አብደሻል? አያ እንድሪስ ያሉሽ የት ሄደ?»

«ሰምቻለሁ፣ ጥሩዬ። ሁለት ቀበርኩ፤ ያቺን መሬት ደግሞ አልቀብርም። ለውበቴ ዘመድ አስረክቤ ባጠገቧ ምን ሆኜ ልለፍ?»

«ደምለው እስኪመጣ ጠብቂ፤ በሞቴ!»

«ደምለው ወረቀት ይዞ ቢመጣ እነሱ ሌላ ወረቀት ይጠይቁታል። ሂጂ አንቺ፣ አትቅረቢ። ልጆች አሉሽ።»

ተማታሁ፣ ተሳደብኩ፣ አለቀስኩ። ዶማዋን ነጥቄያት ነበር፤ መልሳ ነጠቀችኝ። ድንጋዩን አወረደች። ደምለው ታዞ የከመረውን እሾህ በእጇ እየጎተተች ስታነሣ ክንዷ ተቧጨረ፤ ደሙን በቀሚሷ ጠረገች። ሽታው መንደሩን ሞላው። ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ። ቀሪው ገላ ረግፎ ኖሮ የያዘችው የጭንቅላቱን ቆዳ ነው፤ ነጭ ግንባሩን፣ ሁለቱን ጆሮዎች፣ የአንገቱን ቁራጭ። በጆንያ ጠቀለለችውና ብቸና ወረደች። እኔም ከኋላዋ፣ ራቅ ብዬ፣ እያለቀስኩ።

ቢሮው ደጅ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሽታውን ገና ከሩቅ ሲሰማ ተበተነ። እሷ ሰልፍ አልጠበቀችም። ቀጥ ብላ ገብታ ጆንያውን ጓድ ሣህሉ ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። የቦራ ነጭ ግንባር ከሰውየው ሻይ ብርጭቆ አጠገብ ተዘረጋ። ጓድ ሣህሉ ዘሎ ግድግዳ ተለጠፈ፤ መሐረቡን አፍንጫው ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው።

«ይኸው ጓድ፣ ከነጆሮው። መመሪያው አሁንስ ጠገበ?» አለችው።

«አውጪው! አውጡልኝ ይህን ነገር!»

«ሊቀ መንበሩ ይመስክር እንጂ፤ ቀረብ ብሎ አይቶ ይመስክር።»

ውበቴ እዚያው ነበር። ቀረብ ሊል ቀርቶ በመስኮት ሊወጣ ደርሷል። ከደጅ ሆኖ «የሷ ነው! የቦራ ነው! ይከፈላት!» እያለ ጮኸ። ስትናፍቀው የነበረውን ካሣ ባንድ ትንፋሽ አስፈርመው እጇ ላይ ጣሉላት፤ ማስታወክ የያዘው ጸሐፊ ብሩን እንኳ ቀና ብሎ አልሰጣትም። ወጥታ ደጁ ላይ ቆመችና እጇን በአፈር ፈተገች። ከዚያ ሳቀች። «ማጭድ ካወጣሁበት ቀን ይበልጣል» አለችኝ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ እንዴት አልስቅ? የዚያን ቀን የጓድን ፊት ያየ ዕድሜ ይጨምራል።

ደምለው ከሞጣ ተመለሰ። የከብት ሐኪሙን አግኝቶታል። ሐኪሙም «ቅበሩ ማለቴ እውነት ነው፤ ጽፌ እሰጥህ ነበር፣ ማኅተሙን የያዘው ሰው ግን ለስብሰባ ሄዷል» ብሎታል። ባዶ እጁን መጣ። መንደር ሲገባ ጉድጓዱ ተከፍቶ አየ። እዚያው ደረቅ አፈር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ወለተ ገብርኤል ሄዳ ብሩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።  እጁን አልጨበጠውም፣ ክፍት እንደሆነ ብሩን ያይ ነበር።

እባጯ ወጣች። ቀኝ ክንዷ ላይ፣ እሾህ በጫራት በኩል። መጀመሪያ «ትንኝ ነው» አለች። ከዚያ መሐሏ ጠቆረ፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ አበጠ። ትኩሳቱ ሲይዛት ደምለው ቃሬዛ ማሰር ጀመረ። የገበያ ቀን ነበር። ከመደብ ላይ ቀና ብላ አየችው።

«ምን ታስራለህ?»

«ብቸና ክሊኒክ ልውሰድሽ።»

«ቃሬዛውን ተወው። ዛሬ ገበያ ነው፤ ይህ ገበያ ካለፈ አቦ ይደርሳል። ሂድ፣ መጀመሪያ በሬውን ግዛ።»

«ወለቴ…»

«ሂድ አልኩህ! እኔ ነገም እወሰዳለሁ። ያን ሁሉ ነገር አውጥቼ መሬቷን ለነሱ ላስረክብ ነው?»

«እሺ» አለ።

ያ እሺ! ባጥሩ ላይ ዘልዬ በዱላ ብለው ደስ ባለኝ። «እምቢ በል! አንድ ጊዜ እምቢ ብለህላት የለም እንዴ! አሁንም በል!» ብዬ ጮህኩበት። ዞር ብሎ አየኝና ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሄደ። ምን ይበል? በሬው ካልተገዛ ደግሞ ከትኩሳቱ በፊት በንዴት እንደምትሞትበት ያውቃል።

ማታ ላይ አንድ ወይኖ በሬ ነድቶ መጣ። እደጁ ድረስ አስመጣችውና ጥርሱን ከፍቶ እንዲያሳያት አደረገች። «ወጣት ነው። ጥሩ ገዝተሃል» አለች። ፋንታም ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ማልዶ መጥቶ «በሬዬን መልሼ አቀናጃለሁ» አለ። በማግሥቱ በቃሬዛ ተሸክመናት ወጣን። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ ክንዷን ገልጦ ሲያየው ራሱን ነቀነቀ፤ መርፌ ወጋት። «ምነው ትናንት ብታመጧት» አለ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር አስተኝተናት፣ አለፈች። እጇን ይዤ ነበር፤ ደምለው ደግሞ እግሯን።

ጓድ ሣህሉ ለቀብሯ አልመጣም። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ደረሰ፣ ምን ያርገው! «በዚህ ቀበሌ ከብት ለሞተባቸው ገበሬዎች ሁሉ ካሣ ተከፍሏል» ብሎ አስጨበጨበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንዲት ጓዲት የከብት ሐኪሙን ምክር ባለመስማቷ ሕይወቷን አጥታለች፤ ይህ ለሁላችንም ትምህርት ነው» አለ። ሰማችሁ? ሐኪሙን ባለመስማቷ! ብድግ ብዬ «አንተ! ጠረጴዛህ ላይ ማን አምጪ ብሏት ነው ያመጣችው? የቄስ ልጅ፣ ዓይንህን ጨው በልቶታል!» አልኩት። ሁለት ሰዎች ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ይያዙኝ፤ ተናግሬያለሁ።

ደምለው ግን ያርሳል። አልቅሶ ያርሳል። በወንዙ ወገን ያለውን ግማሽ ገልብጦ ጨርሶ፣ ወደ ላይኛው ግማሽ ሊሻገር ሲል ውበቴ ገመድ ይዞ መጣ፤ አብሮት የእህቱ ልጅና ሁለት የማኅበሩ ሰዎች። እኔ ለደምለው ምሳ ይዤ ዳሯ ላይ ነበርኩ።

«አያ ደምለው፣ እግዜር ያጽናህ» አለ ውበቴ። «እንግዲህ ታውቃለህ፤ መሬት የሚደለደለው በቤተሰብ ቁጥር ነው። ሁለት ነበራችሁ፣ አንድ ቀረህ። ግማሹ ወደ ማኅበሩ ይመለሳል።»

ደምለው ሞፈሩን እንደያዘ ቆመ። «አርባዋ እኮ አልወጣም» አለ።

«መመሪያው አርባ አያውቅም። የሞተ ሰው መሬት አያርስም።»

ደምለው ያረሰውን መሬት በጣቱ አሳየው። «ይህን ያረሰችው እሷ ናት» አለ።  እኔ ግን ውበቴን ያልጠራሁት ስም የለም፤ እናቱንም አባቱንም ከመቃብር ቀሰቀስኩበት። ገመዱን ከመዘርጋት አልተመለሰም። መሬቷን መሐል ለመሐል ለካት። የትኛው ግማሽ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ይለያል ተባለ። ሁለት ጠጠር አምጥቶ ዕጣውን የጨበጠው ውበቴ፣ ከጭብጡ ያወጣውም ውበቴ ነው።

የታረሰው ወገን ለእህቱ ልጅ ደረሰ።